ፊደል የለየ ሁሉ ረጅም ቃል አያነብም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን መምህራን ሲቀባበሉት የነበረ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። የሚያወራው የመጀመሪያ ደረጃ መምህራንን ረጃጅም ቃላት ማስነበብና ማስጻፍ እንዲችሉ ስለማሰልጠን ነው። ጸሐፊው ስልጠናውን አይደግፉም። ነጥቦቻቸው በአጭሩ እነዚህ ናቸው። በአማርኛ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ድምፅ ስላለው፣ ፊደል የለየ ልጅ ቃሉ ቢያጥርም ቢረዝምም ያነበዋል። ያልቻለውም ብዙ ሲያነብ ይለምደዋል። አጻጻፍ የሚመጣው በቃል ጽሕፈትና በድግግሞሽ ነው። ቃል ከፋፍሎ ማስተማር ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ነገር ነው። መምህሩ አማርኛ ተናጋሪ ስለሆነ በገዛ ቋንቋው ስልጠና አያስፈልገውም። በዚያ ላይ ከ60 በላይ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ይህ ሁሉ አይሞከርም፤ ገንዘቡ ለመጽሐፍ ቢውል ይሻላል።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው። መምህራን በማይረባ ስልጠና መሰላቸታቸውን ጸሐፊው ያውቁታል፤ እዚህ ላይ አብሬያቸው ነኝ። መደምደሚያቸው ግን ልጆችን ይጎዳል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ፊደሉን ጠራ፣ ቃሉን ግን አላነበበም

የአማርኛ ፊደል ለአንባቢ ምቹ ነው መባሉ እውነት ነው። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቅርጻቸው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። ለትንሽ ልጅ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ግን አንዴ ከያዘው «መ» የትም ቢገባ «መ» ነው። የእንግሊዝኛ ተማሪ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም።

ችግሩ የሚመጣው ፊደሎቹ ሲሰለፉ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነው። ሰሌዳው ላይ «አልተመለሱላቸውም» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ተነስቶ ጣቱን እየቀሰረ ጀመረ፦ አ፣ ል፣ ተ፣ መ፣ ለ፣ ሱ፣ ላ፣ ቸ፣ ው፣ ም። አንድም አልሳተም። መምህሯ «ጎበዝ! በሉ አጨብጭቡለት» አለች። ተጨበጨበ። ከጎኑ ሆኜ «ምን ማለት ነው?» ብዬ በቀስታ ጠየቅኩት። ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያ ዓይኑን መልሶ «አ» ላይ ተከለ። እንደገና ሊጀምር ነው። ቃሉ ደግሞ እንግዳ አልሆነበትም። በአፍ ብነግረው ወዲያው ይገባዋል፤ ሰፈር ውስጥ በየቀኑ የሚሰማው ዓይነት ቃል ነው።

ምን ተፈጠረ? ጸሐፊው ያልነኩት ይህን ነው። የሰው ልጅ በአንድ ጊዜ አእምሮው ውስጥ ሊይዝ የሚችለው ነገር ውስን ነው። ኔልሰን ካወን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረበው ጥናት መጠኑን ወደ አራት ነገር ገደማ አውርዶታል። አሥር ፊደል አንድ በአንድ የሚጠራ ልጅ «ም» ላይ ሲደርስ «አል» ጠፍቶበታል። ያንኑ ቃል «አል–ተመለሱ–ላቸው–ም» ብሎ ያየ ልጅ ግን የሚይዘው አራት ነገር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ትርጉም አለው። «አል» እና «ም» አብረው አሉታ ናቸው። «ላቸው» ለእነሱ ማለት ነው። መሐሉ ላይ «ተመለሱ» አለ። ልጁ እነዚህን ሁሉ በአፉ ያውቃቸዋል። ወረቀት ላይ እንዲያያቸው ያደረገው ሰው ግን የለም።

የአማርኛ ረጅም ቃል ዝም ብሎ የፊደል ሰልፍ አይደለም። ከስር ላይ የተገነባ ነው። ፊቱ ላይ ይጨመርበታል፣ ጀርባው ላይ ይጨመርበታል፣ መሐሉም ይለወጣል። «መልስ»፣ «ምላሽ»፣ «መላሽ»፣ «ተመላሽ»፣ «ተመላለሰ»፣ «አመላለስ»፣ «መመለሻ» ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ይህን ቤተሰብ አንዴ ያየ ልጅ ስምንተኛው አባል ሲመጣ አይደናገጥም። ፊደል ብቻ የቆጠረ ልጅ ግን እያንዳንዱን እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።

ሌላም አለ። አንድ ፊደል አንድ ድምፅ የሚለው አነጋገር ሳድስ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። አምስቱም ፊደሎች ሳድስ ናቸው። ሲነገር ግን «ትም–ህርት» ነው፤ ሁለት ክፍለ ቃል ብቻ። የመጀመሪያው «ት» አናባቢ አለው፣ «ም» የለውም፣ «ህ» አለው፣ የተቀሩት ሁለቱ የላቸውም። የቱ እንደሚናበብና የቱ እንደሚዋጥ ፊደሉ አይናገርም። ፊደል ገበታ ላይ ሳድሱን ሁሉ እየጎተተ የለመደ ልጅ «ትምህርት»ን አምስት ቦታ ይሰብረዋል። ሲሰብረው የማያውቀው ቃል ይሆንበታል።

ማጥበቅና ማላላትም አለ። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ነው። «ይመታል» ሲላላ መቺው ነው፣ ሲጠብቅ ተመቺው። ጽሑፉ ላይ ልዩነት የለም። «አልተመለሱላቸውም» ውስጥም «ለ»፣ «ላ» እና «ቸ» ይጠብቃሉ፤ ምልክት ግን አልተደረገባቸውም። ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ መጀመሪያ ላላ አድርጎ ያነባል፣ ከዚያ ከሚያውቀው ቃል ጋር ያስተያያል፣ ከዚያ ያስተካክላል። እኛ አዋቂዎች በቅጽበት ስለምናደርገው አይታወቀንም። ልጁ ግን ማስተካከል እንዳለበት የሚነግረው ይፈልጋል። ያነበበው ነገር የማያውቀው ቃል ከመሰለው «እስቲ አጥብቀህ ሞክረው» የሚለው ሰው ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ የኢትዮጵያ ክልሎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና የሚያስደነግጥ ነገር አሳይቶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በረጅም ቃል ላይ አላላክክም። ግን «ፊደል ይለዩ እንጂ የቀረው ራሱ ይመጣል» እያልን ስንሠራ ከቆየን በኋላ የተገኘ ውጤት መሆኑን ጸሐፊው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ብዙ ማንበብ ማንን ይጠቅማል?

ሁለተኛው ነጥባቸው ግማሽ እውነት ነው። ማንበብ አንባቢ ያደርጋል። ዴቪድ ሼር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ሥራ፣ ልጅ አዲስ ቃል በራሱ አንብቦ በተወጣ ቁጥር ቃሉ አእምሮው ውስጥ እንደሚቀርና በዚህ መንገድ ራሱን እንደሚያስተምር ገልጿል። ጸሐፊው የሚሉት ይህንን ይመስላል። ቅድመ ሁኔታው ግን «አንብቦ በተወጣ ቁጥር» የሚለው ነው። ቃሉን ያልተወጣው ልጅ ራሱን የሚያስተምርበት ነገር የለውም።

ያልተወጣው ልጅ ምን ያደርጋል? ይገምታል። «ተመላ» የምትለዋን ያይና «ተመለሰ» ብሎ ያልፋል። ቃሉ «ተመላላሽ» ነበር። እንዲህ እየገመተ አሥር መጽሐፍ ቢጨርስ የሚያዳብረው ግምቱን ነው። ቶሎ ቶሎ ስለሚል ደግሞ መምህሩም ወላጅም ጎበዝ አንባቢ ይመስላቸዋል። ጉዱ የሚወጣው አራተኛና አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። የኅብረተሰብና የሳይንስ መጽሐፉ በረጃጅም ቃላት ሲሞላ ልጁ ድንገት «ሰነፍ» ይባላል። በእንግሊዝኛ ላይ ዊልያም ናጊና ሪቻርድ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ከፍ ባሉ ክፍሎች መጻሕፍት ውስጥ ልጆች ከሚያጋጥሟቸው አዳዲስ ቃላት አብዛኞቹ ክፍሎቻቸውን በማወቅ ትርጉማቸው ሊደረስበት የሚችል ነው። ክፍሎቹን ለማያይ ልጅ ግን ያው ባዕድ ናቸው።

አሥር ጊዜ ጻፍ

አጻጻፍ ላይ ያሉት የበለጠ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ክፍል ውስጥ የሚደረገውም ይኸው ነው። ቃል ጽሕፈት ይሰጣል። የተሳሳተው በቀይ ይሰረዛል። ልጁ ትክክለኛውን አሥር ጊዜ ይገለብጣል። በሳምንቱ ያንኑ ስህተት ይደግማል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሏል ይህ ነው።

አንድ የታወቀ ስህተት እንውሰድ። «መጥቻለው»፣ «እሄዳለው»፣ «እወድሻለው»። ትልልቅ ሰዎችም በየቀኑ ይጽፉታል። ትክክለኛው «መጥቻለሁ»፣ «እሄዳለሁ»፣ «እወድሻለሁ» ነው። አሥር ጊዜ የተገለበጠው «መጥቻለሁ» ምናልባት «መጥቻለሁ»ን ያስተካክል ይሆናል። «እሄዳለው»ን ግን አይነካውም። ለልጁ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ስህተቱ አንድ መሆኑን ያሳየው የለም።

የሰለጠነ መምህር ሌላ ነገር ያደርጋል። «ጠራሁ» እና «ጠራው» ብሎ ጎን ለጎን ይጽፋል። «ማን ጠራ?» ብሎ ይጠይቃል። በመጀመሪያው የጠራሁት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም እሱን ነው የጠራው። «አየሁ» እና «አየው»ም እንደዚያው። ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ «ሁ» የእኔ ነው፣ «ው» የእሱ ነው። ከዚያ «እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ አነባለሁ፣ መጥቻለሁ» ተብሎ ይደረደራል። የሁሉም ጭራ አንድ ነው፤ ባለቤቱ «እኔ» ነውና። ይህ ከአሥር ጊዜ ግልበጣ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። አንዴ የገባው ልጅ ደግሞ ያልተማረውንም ግስ በትክክል ይጽፋል።

ሌላው ሁልጊዜ የሚያደናግራቸው ፊደል የሚለወጥበት ቦታ ነው። «ወሰደ» ብሎ «ወሳጅ»፣ «ከፈተ» ብሎ «ከፋች»፣ «ለመነ» ብሎ «ለማኝ»፣ «ከፈለ» ብሎ «ከፋይ»። ልጁ በአፉ አይሳሳትም። ሲጽፍ ግን «ድ» የነበረው ለምን «ጅ» እንደሆነ ስለማይገባው ይወላውላል። ጥንዶቹን በአንድ ገጽ አሰልፎ ማሳየት ይበቃል፤ ሕጉን በስም ማስጠናት አያስፈልግም።

ጸሐፊው አጻጻፍ ሲሉ በብዛት የሚያነሱት «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» የሚሉትን ሞክሼ ፊደላት ነው። እነዚህ በቃል የሚያዙ ናቸው ይላሉ። አዎ፣ ብዙዎቹ በቃል ይያዛሉ። ግን እዚህም ቤተሰብ ይረዳል። «ጸሐፊ»፣ «ጽሑፍ»፣ «ጽሕፈት»፣ «መጽሐፍ» አንድ ላይ የተማረ ልጅ አንዱን ካወቀ ሌሎቹን አያጣም። ለየብቻ የሸመደደ ልጅ አራት ጊዜ ይሸመድዳል። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ በልጆች ደብተር ላይ ንባቡን የሚያበላሸው የ«ሠ» እና የ«ሰ» መቀያየር አይደለም። ከረጅም ቃል መሐል ፊደል መዘለሉ ነው። «አልተመለሱላቸውም» ለማለት «አልተመሱላቸም» ተብሎ ይገኛል። ይህ ልጅ ቃሉን የሚጽፈው ክፍል በክፍል ሳይሆን እስከታወሰው ድረስ ነው።

የእንግሊዝኛ ቅጂ ነው ወይ?

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ትክክለኛ ነገር ይዘዋል። የእንግሊዝኛ ክፍለ ቃል አከፋፈል ሕግ ተተርጉሞ ለአማርኛ መምህር ቢሰጥ ከንቱ ነው። እንደውም ለእንግሊዝኛም ያን ያህል አይታመንም። ዴቪን ከርንስ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው ጥናት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሯቸውን የአከፋፈል ሕጎች በብዙ ቃላት ላይ ፈትኖ አንዳንዶቹ ብዙም እንደማያዛልቁ አሳይቷል። «ታይገር» እና «ካምል» የሚሉት ቃላት በእንግሊዝኛ ሲጻፉ አሰላለፋቸው አንድ ዓይነት ነው፦ አናባቢ፣ አንድ ተነባቢ፣ እንደገና አናባቢ። የመጀመሪያው አናባቢ አነባበብ ግን ይለያያል።

ከዚህ ተነስቶ ግን ቃልን በክፍሎቹ ማየት የእንግሊዝኛ ነው ማለት ትልቅ ዝላይ ነው። ቱርክኛም ፊንላንድኛም ቅጥያ እየደራረቡ ቃል ያስረዝማሉ። ዓረብኛና ዕብራይስጥ እንደ አማርኛ ከስር ላይ ይገነባሉ። «ስለ»፣ «እንደ»፣ «እየ»፣ «አል»፣ «ኦች»፣ «ኣችሁ» ከውጭ አልመጡም። የአማርኛ ሰዋስው እነዚህን ምዕላድ ብሎ ሲያስተምር ኖሯል። ጥፋቱ ትምህርቱ ከፍ ያለ ክፍል ላይ፣ ለፈተና ብቻ፣ ከንባብ ተነጥሎ መሰጠቱ ነው። የሚያስፈልገው ማንበብ ሲጀምሩ ነበር።

መምህሩ አማርኛ ተናጋሪ ነው፤ ታዲያስ?

የጸሐፊው ዋና ነጥብ ይህ ይመስለኛል። መምህሩ ቋንቋውን ከእናቱ ነው የተማረው፤ ማን ማንን ያስተምረዋል ይላሉ። አነጋገሩ ክብር ያለው ይመስላል። ውጤቱ ግን መምህሩን ያለ መሣሪያ ክፍል ውስጥ ማስገባት ነው።

ቋንቋ መናገርና ቋንቋው እንዴት እንደተገጣጠመ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሉዊዛ ሞትስ እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ባሳተመችው ጥናት ልምድ ያላቸው መምህራን የሚሳተፉበት ፈተና ነበር። ጥሩ አንባቢዎች ናቸው፤ ቋንቋውም የራሳቸው ነው። ብዙዎቹ ግን የአንድን ቃል ድምፆች ለይቶ መቁጠርና ትርጉም ያላቸውን ክፍሎች መለየት ተቸግረዋል። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ማንም አስተምሯቸው አያውቅም ነበር።

እኛም ዘንድ እንደዚያው ነው። በአንድ ስልጠና ላይ «ስላልተዘጋጀንበት» የሚለው ቃል ለመምህራን ቀርቦ እንዲከፋፍሉት ተጠየቀ። አንዱ ቡድን «ስላ–ልተ–ዘጋ–ጀን–በት» ብሎ አመጣ፤ ለጆሮ እንዲመች ነው። ሌላው «ስላል–ተዘጋጀን–በት» አለ። ሦስተኛው «ስለ–አልተዘጋጀን–በት» ብሎ ጻፈና ክርክር ተነሳ። «አ»ን ከየት አመጣኸው? ቃሉ ላይ የለም! ለረጅም ጊዜ ያስተማሩ አንዲት መምህርት ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ። ከዚያ «ለካ ልጆቹ ‹ስለአልመጣ› ብለው የሚጽፉት ተሳስተው ሳይሆን አስበው ነው» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። «ስለ» እና «አል» ሲገናኙ ተዋህደው «ስላል» እንደሚሆኑ ሁሉም በአፉ ያውቃል። ለልጅ የሚያስረዳበት መንገድ ግን በእጁ አልነበረም። «የአልመጣ» ትክክል ሳይሆን «የአገር» ለምን ትክክል እንደሚሆን ሲጠየቅም ብዙው ሰው ያመነታል። ከግስ ፊት መዋሃዱ ግድ ነው፤ «ያልመጣ»፣ «ካልመጣ»፣ «ላልተገኘ»። ከስም ፊት ግን «የአገር»ም «ያገር»ም ይጻፋል። ይህን ያላየ መምህር ሁሉንም በቀይ ይሰርዛል። ወይም ሁሉንም ያልፋል።

ስለዚህ ጥያቄው ስልጠና ያስፈልጋል ወይ ሳይሆን ምን ዓይነት የሚለው ነው። ጸሐፊው የሚነቅፉትን ስልጠና እኔም አልወደውም። አዳራሽ ሙሉ መምህር ተሰብስቦ ሙሉ ቀን ስላይድ ያያል፣ ሞጁል ይቀበላል፣ አበል ይፈርማል፣ ይሄዳል። በማግስቱ ክፍል ውስጥ የሚለወጥ ነገር የለም። ከእንዲህ ያለው ጋር እንድከራከር አይጠብቁኝ።

የሚሠራው ሌላ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ራሱ ቃል ይሰብራል፣ ይገጥማል፤ ከላይ እንዳየነው። ከዚያ ከልጆች ጋር የሚያደርገውን ቅደም ተከተል በባልደረቦቹ ፊት ይለማመዳል። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። ቃሉ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ልጆቹ የሚያውቁትን ክፍል ከፊትና ከኋላ ይፈልጋሉ። መምህሩ «አል»ን በአንድ እጁ፣ «ላቸውም»ን በሌላ እጁ ይሸፍናል። የቀረውን ያነባሉ፤ «ተመለሱ»። አንዱን እጅ ያነሳል፤ «ተመለሱላቸውም»። ሁለተኛውን ያነሳል፤ «አልተመለሱላቸውም»። አንድ ጊዜ ፈጠን ብለው እንደሚነጋገሩበት ይሉታል። ያኔ ማጥበቁና ማላላቱ ቦታውን ይይዛል። ከዚያ በዓረፍተ ነገር ይናገሩታል። በመጨረሻ ሰሌዳው ይጠፋና ክፍሉን እየቆጠሩ ይጽፉታል። አለቀ።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ያልሰለጠነ መምህር የሚስተውም እዚህ ነው። «አልጋ» ውስጥ ያለው «አል» አሉታ አይደለም። «ከተማ» ውስጥ ያለው «ከ»፣ «በግ» ውስጥ ያለው «በ» ቅጥያ አይደሉም። ስለዚህ ክፍሉ ከተነሳ በኋላ የቀረው ነገር ትርጉም ይሰጣል ወይ ተብሎ ሁልጊዜ መጠየቅ አለበት። ልጆች ይህን ጨዋታ ይወዱታል። «ተማ» ምንድን ነው? ምንም! እንግዲያው «ከተማ» አይሰበርም።

የትኛው ቅጥያ መቅደም እንዳለበትም መምህሩ ማወቅ ይኖርበታል። በብዛት የሚያጋጥሙትና ሳይለወጡ የሚለጠፉት ይቀድማሉ፦ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ን»፣ «ና»፣ «ኦች»። ከዚያ «አችን»፣ «አችሁ»፣ «አቸው»። እየተዋሃዱ መልክ የሚቀይሩት «ስላል»፣ «እንዳል»፣ «እንዳይ» ቆየት ብለው ይመጣሉ። ምዕላድ፣ መነሻ ቅጥያ የሚሉት ስሞች ለመምህሩ ይጠቅሙታል። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን እነሱን መሸምደድ የለበትም። ይህን የምለው፣ ስልጠና በወሰዱ አንዳንድ ክፍሎች የንባብ ጊዜው ወደ ሰዋስው ስያሜ ጥናት ሲለወጥ ስላየሁ ነው። ያ ከነአካቴው አለመስጠቱን ያህል ይጎዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ከስልጠናው በኋላ ያለው ነው። ሱፐርቫይዘሩ ወይም አንድ ባልደረባ ክፍል ገብቶ ያያል። ለማረም አይደለም፤ ለማገዝ ነው። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሰዓት ቀድሞውኑ በየትምህርት ቤቱ አለ። ያን ሰዓት ፎርም ከመሙላት አውጥቶ የልጆችን ደብተር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ይህ ልጅ ምን አስቦ ነው እንዲህ የጻፈው?» ብሎ መነጋገሪያ ማድረግ ይቻላል። አዲስ በጀት አይጠይቅም።

የክፍሉ ብዛትና የመጽሐፉ ነገር

60 እና 70 ልጅ ያለበት ክፍል ከባድ ነው፤ ይህን የሚክድ ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። ግን ከላይ የገለጽኩት ልምምድ በኅብረት የሚሠራ ነው። ሰሌዳ፣ ጠመኔና ሁለት እጅ ይበቃዋል። በጥቂት ደቂቃ አንድ ቃል ይወጣል፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ወይም አራት። እንደውም በትልቅ ክፍል ፈጽሞ የማይሠራው የጸሐፊው መንገድ ነው። አንድ በአንድ እያስነሱ ፊደል ማስጠራት ከ70 ልጅ 69ኙን ያለሥራ ያስቀምጣል። 70 ደብተር በቀይ እያረሙ ማደርም እንዲሁ።

መጽሐፍ ይገዛ በሚለው እስማማለሁ። ይገዛ፤ ይብዛ። ሦስት ልጅ በአንድ መጽሐፍ እየተጋፋ ማንበብ አይለምድም። የማልስማማው መጽሐፍና ስልጠና እንደ ባላንጣ መቅረባቸው ላይ ነው። መጽሐፉ የመጀመሪያው የስልጠና ቁሳቁስ ሊሆን ይችላል። መምህሩ የነገውን ምንባብ ዛሬ ማታ ይገልጣል። ልጆቹን የሚያደናቅፉ አራት አምስት ረጃጅም ቃላት ይመርጣል። የትኛው ክፍላቸው የታወቀ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ በእርሳስ ያሰምራል። ንባቡ ከመጀመሩ በፊት እነሱን ከልጆቹ ጋር ይሠራል። ምንባቡ ላይ ሲደርሱባቸው ልጆቹ ያውቋቸዋል፤ ሐሳባቸውም ቃሉን ከመታገል ወጥቶ ወደ ታሪኩ ይሄዳል። ይህን ለማድረግ መጽሐፉም ያስፈልጋል፣ የትኛው ቃል እንደሚያደናቅፍና ለምን እንደሚያደናቅፍ የሚያውቅ መምህርም ያስፈልጋል።